የካራቫኑ ቀዳዳ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኛል ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ጀግና የለበትም፤ አብዛኛው ስለ አንዲት የግድግዳ ቀዳዳ ነው። የሆነው ባለፈው ክረምት፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ስድስት ኪሎ ከመግባቴ በፊት ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ግን እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ያለው የቀበሌያችን አዳራሽ የኅብረት ሱቁ ጤፍ ተከማችቶበት ነበር። ስለዚህ የውይይት ክበባችን የሚሰበሰበው ግቢው ውስጥ በቆመ ካራቫን ነው፤ አንድ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ፣ በመኪና የሚጎተት ቤት። ብርዱ ሲበረታ ሊቀ መንበራችን ጓድ ታደሰ በቡታጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ አስገጠሙ። የገጠሙት የሠፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ሲጨርሱ፣ "ይህቺ ቀዳዳ የተቃጠለው አየር መውጫ ናት፤ እንዳትዘጋ። መስኮቱንም ገርበብ አድርጉት" አሉ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ለዩኒቨርሲቲ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ እፈልግ ስለነበር ያልታዘዝኩትን ጭምር እሠራ ነበር። ነሐሴ እንደገባ ነፋሱ በቀዳዳዋ እያፏጨ የጓድ ታደሰን ንግግር አቋረጠ። ዞር ብለው አዩኝ። ከመፈክር የተረፈ ቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ ወተፍኩባት፤ መስኮቱንም ዘጋሁ። "ንቁ ወጣት" አሉኝ።

ከዚያው ዕለት ጀምሮ ሰው ማንቀላፋት ጀመረ። ራሱን የማያመው አልነበረም። ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር ጓድ ታደሰ ምክንያት ለማግኘት አልተቸገሩም፤ "ጾም ነው" አሉ። ያንቀላፋ ሁሉ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተወሰነ። የመጀመሪያው የወጣት ማኅበሩ ተወካይ ሙሉጌታ ነበር። ጾም የሚባል እንደማያውቅ ቢምልም ሰሚ አላገኘም። በሚቀጥለው ሳምንት ለማስረጃ ቋንጣ በኪሱ ይዞ መጣ፤ እያኘከ አንቀላፋ። "በድብቅ ይጾማል" ተብሎ ተመዘገበ። የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ጓድ ታደሰም በንግግራቸው መካከል ዐይናቸውን ይከድኑ ነበር። እሳቸው ሲሆኑ ግን በጥልቀት እያሰቡ ነው እንል ነበር።

በሦስተኛው ስብሰባ የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ እትዬ አበበች ከወንበራቸው ተንሸራተው ወደቁ። ብጠራቸው፣ ብነቀንቃቸው አልሰሙኝም። እጃቸው ዝልፍልፍ ብሏል።

"ይኸው ጾሙ" አሉ ጓድ ታደሰ። ሊነሡ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ዐይኔ ቀይ ጨርቁ ላይ አረፈ። በሩን በረገድኩትና ከሙሉጌታ ጋር እትዬን እየጎተትን ዝናቡ ውስጥ አወጣናቸው። ሌሎቹም እየተደናበሩ ተከተሉን።

እትዬ ጭቃው ላይ ጥቂት ቆይተው ዐይናቸውን ገለጡ። ከብበናቸው ሲያዩን ስብሰባው የቀጠለ መሰላቸው። "ጓዶች፣ በማንቀላፋቴ ግለ ሂስ አደርጋለሁ" አሉ እንደተጋደሙ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

ጋሽ ወልዴ ተጠርተው መጡና ጨርቁን መዘው አወጡት።

"የጋዝ ሽታ እኮ አልነበረም" አሉ ጓድ ታደሰ።

"ጋዙ ይሸታል፣ ጓድ። ተቃጥሎ የሚወጣው ነው የማይሸት፤ ዝም ብሎ ይገድላል። እኔ የገጠምኩላችሁ ማሞቂያ ነው፤ ማደንዘዣ ከፈለጋችሁ ሆስፒታል ሂዱ።"

የወተፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። ደብዳቤዬን እንዳጣሁ ተሰምቶኝ ነበር። እትዬ አበበች እጄን ያዝ አድርገው፣ "አንተ ልጅ፣ ገድለኸኝ ነበር እኮ። በል ደግፈህ ቤት አድርሰኝ" አሉኝ። ጓድ ታደሰ ደግሞ ግለ ሂሴ አርአያ ነው ብለው አስመዘገቡ፤ ደብዳቤውንም ጻፉልኝ። ስለ ሙሉጌታ ጾም የተጻፈው ግን አልተሰረዘም።

ስለዚያ ደብዳቤ ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። እትዬን እሑድ እሑድ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ዶርም ውስጥ በብርድ መስኮት ስከፍት ጓደኞቼ ይሰድቡኛል፤ አልዘጋም።

ማሞቂያውን ጋሽ ወልዴ ያኔውኑ አጠፉት። ቀዳዳዋን በቋሚነት ክፍት ለማድረግ ግን ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ስለተባለ፣ ጨርቁ እስከዚያው ተመልሶ እንዲወተፍ ተወሰነ። ፈቃዱ ደርሶ፣ የቀበሌው ኮሚቴ ቆሞ እያየኝ ጨርቁን የመዘዝኩት ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው።