ፌርፋክስ ላይ የጠመመብኝ መደርደሪያ

ቅዳሜ ንጋት፣ ኖርዝ ሆሊውድ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ልጄ ሕይወት ድራይቭ ታደርጋለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። የምንሄደው የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር፣ ሊትል ኢትዮጵያ ነው። ናሆም የሚባል አናጢ ሊያገባት ይፈልጋል። «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የእጁን ሥራ ልይ» ብያታለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ ባልቀመጥም አንብቤ ያወቅኩት አለ፤ ሥራው ጠማማ የሆነ ሰው ቃሉም አይቀናም።

«ሶ አባዬ፣ ልታየው ነው ወይስ ጀጅ ልታደርገው?»

«ሁለቱንም።»

ሎሬል ካንየን

መንገዱ ኮረብታውን እየዞረ ይወጣል፣ እየዞረ ይወርዳል። ፊታችን የቆሻሻ መኪና፣ ገደል አፋፍ ላይ በቋሚ እንጨት የቆሙ ቤቶች፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሴቶች። ሕይወት መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች። ማስጨነቄ ደስ አላሰኘኝም፤ ግን አባት ነኝ።

ረፋድ፣ ፌርፋክስ

ፓርክ ለማድረግ ሁለት ጊዜ ዞርን። ናሆም የሚሠራበት የእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ገና አልተከፈተም፤ ሽንኩርት ይቁላላል። ናሆም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ግድግዳው ወደ ቀኝ ሽቅብ በሚያጋድሉ ቀይና ነጭ መስመሮች ተቀብቷል። መሀሉ ላይ እሱ የሰቀለው ረጅም የብርጭቆ መደርደሪያ አለ። ቀኝ ጫፉ ወርዷል።

«ጠሟል» አልኩ አንገቴን አዘንብዬ። ሕይወት አቀረቀረች።

«ምነው ጋሼ፣ መደርደሪያውን ነው አንገትዎን ነው የሚያቀኑት?» አሉ እትዬ አስካለ ከኩሽና።

ናሆም አልተከራከረም። የአናጢ መለኪያውን፣ ውሃ ልኩን፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች፤ መደርደሪያው ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው። አዙሮ አስቀመጠው፤ ያው ነው።

የዓይን ሕክምና የምትማረው ሕይወት ሁለት ነጭ የጠረጴዛ ልብሶች አመጣች። ከናሆም ጋር ሆነው ከመደርደሪያው በላይና በታች ያሉትን መስመሮች ሸፈኑ። መደርደሪያው ቀና! ገለጡት፤ ተመልሶ ጠመመ።

«ዓይን መስመርን ለብቻው አይለካም፣ አባዬ። አእምሮ ከጎኑ ካሉት ጋር ያወዳድረዋል። እነሱ ሽቅብ ሲያጋድሉ እሱን ቁልቁል ይገፋዋል። እኔም ጠሞ ነው የሚታየኝ።»

«አሁንማ አወቅኩ። ለምን አይስተካከልልኝም?»

«የምታውቀውን ለዓይንህ ብትነግረው አይሰማህም።»

እትዬ አስካለ ያቀረቡልኝን ጨጨብሳ እየበላሁ ይህን አሰላሰልኩ። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችን የወደደችውን ሰው የምናየው ዙሪያውን እኛ ባሰመርነው መስመር ነው፤ ዲግሪው፣ ሰፈሩ፣ ወገኑ። ናሆም ዲግሪ የለውም። እኔም የለኝም።

ከሰዓት፣ መመለሻ

ከመውጣቴ በፊት መደርደሪያውን ደግሜ አየሁት። አሁንም ጠሟል። ናሆምን ጠራሁት።

«ሽማግሌዎችህን ላክ። ውሃ ልኩንም ይዘው ይምጡ፤ መደርደሪያውን ሳይሆን እኔን ይለኩበት።»

ኮረብታውን ስንመለስ ሕይወት መሪውን የያዘችው በአንድ እጇ ነበር።