ሃያ አራት ስልክ ዋርካ ላይ

አሁን ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ከላዬ ቅርንጫፉ ላይ ሃያ አራት ስልክ የያዘ ዘንቢል ተሰቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት በቴሌቪዥን አንዲት የምክር ቤት አባል «የዚህ ሰፈር የቤት ማኅበር እስካሁን የቤት መሥሪያ ቦታ ያልተሰጠው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁልን። የመሬት ኃላፊው «ደውለን ነበር፤ ስልክ አላነሱም፤ ተራቸው አለፈ» ብለው መለሱ።

ሰፈራችን ኔትወርክ ያለው እዚህ ዋርካ ሥር ብቻ ነው። ስለ ኔትወርኩ የተጠየቁት ሌላው ኃላፊ ደግሞ «ደውሎ ያማረረ ሰው የለም» አሉ። (በምን ይደውል?)

የማኅበራችን ሊቀመንበር ሐጂ ሰይድ ወዲያው ሰበሰቡን። የሁላችንም ስልክ ዋርካው ላይ ተሰቅሎ እንዲጠበቅ ተወሰነ፤ ለእድር ድንኳን ጥበቃ እንደምናደርገው ተራ ወጣ፤ የዛሬ ተረኛ እኔ ሆንሁ።

ረፋዱ ላይ የሐጂ ስልክ ጠራ። ይዤው ብሮጥ ይቋረጣል። «ሐጂ! ቶሎ ይምጡ፣ መንግሥት ደወለ!» ብዬ ጮህሁ። በአንድ እግር ጫማ እየሮጡ ደረሱ፤ ማኅበርተኛውም ተከተላቸው።

የደወለችው የግብር ሠራተኛ ናት። «ለተሰጣችሁ ቦታ ግብር ለምን አልከፈላችሁም?»

«የቱን ቦታ ልጄ?»

«እዚህ መዝገቡ ላይ ተሰጥቷቸዋል ይላል።»

ሐጂ በትሕትና መለሱ፦ «እሽ፣ እንከፍላለን። ብቻ ደረሰኙ ላይ ቦታው የት እንደሆነ ጻፊልን።»

ስልኩ ተቋረጠ። ይኸው ሁላችንም አንጋጠን ዘንቢሉን እያየን ነው።

እናንተስ ሰፈር፣ ስልክ የምትሰቅሉት ምን ላይ ነው?