የሚጠማው ሳጥን

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። የቦርከና ወንዝ በሞላ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አንዳንዴ ሳይሞላም።

ባለቤቴ ከብቶቻችንን የሚያግደው ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ደግሞ አይታመንም። እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ ኮምቦልቻ በኩል ይዘንብና ድንገት ደራሽ ውሃ ይመጣል። አንድ ጊዜ ሲሻገር ደርሶበት የላም ጭራ ይዞ ነው አላህ ያወጣው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቤቱ እስኪገባ ምግብ አይወርድልኝም።

ልጄ ዘይነባ የተማረችው ኤሌክትሪክ ነው። ጭንቀቴን አይታ አንድ ሳጥን ሠራች። ውስጡ ሲም ካርድ አለው። ከመሻገሪያው ወደ ላይ፣ ወንዙ ዳር ግንድ ላይ ይታሰራል፤ ውሃው ሞልቶ ሲነካው አባቷ ስልክ ላይ ይደውላል። ጽሑፍ ቢልክ ማን ያነብለታል? እኛ ፊደል ያልቆጠርን ሰዎች ነን።

ግቢያችን ውስጥ በባልዲ ውሃ ሞከረችው። የሳጥኑ መብራት በራ፤ ሊደውል ሲል ድርግም አለ። ተመልሶ በራ፤ ሊደውል ሲል አሁንም ጠፋ። እሷ ባትሪው ሙሉ ነው ትላለች። እኔ ቢስሚላህ አልኩ። አባቷ ግን ሳቀባት።

"ያንቺ ሳጥን ጎርፉን ሲያይ ከእኔ ቀድሞ ይወድቃል" አላት።

እኔ አልሳቅሁም። ሰውየው በሳጥኑ ተማምኖ ወንዙን ማየት ቢተውስ? ሊጣራ ሲል ድምፁ የሚጠፋ ጠባቂ፣ ጭራሽ ጠባቂ ካለመኖሩ አይብስም? ተይው ብዬ ለመንኳት።

"አዮ፣ አልታመመም። ዼቦቴ" አለችኝ። አዮ እናቴ ማለቷ ነው፤ ዼቦቴ ደግሞ በኦሮምኛ ተጠምቷል።

ዝም ብሎ ሲቀመጥ ትንሽ ይበቃዋል አለች። ሲደውል ግን፣ ያውም ኔትወርክ በደከመበት፣ በአንዴ ብዙ ይጎነጫል። ባትሪው ቢሞላም ያስገባችለት ቀጭን የቻርጀር ሽቦ ቶሎ አያደርስለትም። የቧንቧችን ውሃ ሲቀጥን ከሮቶ እንደምንቀዳው፣ እሱም አጠገቡ ሮቶ ይፈልጋል።

ቀጭኑን ሽቦ ጣለችው። ከባጃጅ የተረፈ ወፍራም ሽቦ አሳጥራ ቆርጣ ባትሪውን አስጠጋችለት። ከጎኑ ጣት የምታህል፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ቆርቆሮ በየደች። ይቺ ሮቶው ናት አለችኝ። እጇን እያየሁ፣ ይቺን ልጅ እውነት እኔ ነኝ የወለድኳት? አልኩ።

ባልዲውን አስጠጋች። የአባቷ ስልክ ጮኸ። ደጋግማ ሞከረችው፤ አልጠፋም።

ነሐሴ ላይ፣ ሳጥኑ ግንዱ ላይ ከታሰረ ወዲህ፣ ምሳ ይዤለት ወንዙ ዳር ደረስኩ። እሱ ከማዶ ወደ እኔ ሊሻገር እግሩን ውሃ ውስጥ ሲያስገባ ስልኩ ጮኸ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ስልኩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከብቶቹን መልሶ ዳገት ላይ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ወንዙ ግንድ እያንከባለለ መጣ። እኔ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። እጁን አነሳልኝ። እኔ ምሳውን እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀኝም። ኮምቦልቻ በኩል ሲጠቁር ዘይነባን "ሳጥንሽ ጠጥቷል?" እላታለሁ።

"ጠጥቷል አዮ" ትለኛለች።

ያኔ እኔም እጎርሳለሁ።