ቁልፉን ለሰው የማይሰጠው ሾፌር

ባልደረቦቹ «ቁልፌ» ይሉታል። ተሳቢ ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ ግን እንኳን ለባዳ ለገዛ ወንድሙም ሰጥቶ አያውቅም። ሲተኛ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ገላውን ሲታጠብ በጥርሱ ነክሶ ነው። ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥሮ በየሻይ ቤቱ ይጎርርበታል።

ደረቱን የሚነፋበት ሌላም ነገር ነበረው፤ ውሻ። «እኔን ውሻ አይነክሰኝም፣ ይወደኛል» ባይ ነው። ጎረቤት አገር ጭነት አራግፎ ሲመለስ፣ ድንበሩ ላይ በተሰለፉት መኪኖች ሥር የሚንከላወስ ከሲታ ውሻ አየና ዳቦ ይዞ ጎንበስ አለ። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ዳቦውን ዞር ብሎ እንኳ ያላየ ውሻ! ዓይን ያለው ሰው ይሸሽ ነበር። ቁልፌ ግን ራሱን ሊደባብሰው እጁን ሰደደ፤ ውሻው ያንን የሚወደውን ሰው አውራ ጣቱ ሥር ዘነጠለው።

ከኋላው የተሰለፈው የልብ ወዳጁ፣ እሱም ሾፌር፣ እየሮጠ መጣ።

«ሰውዬ፣ ያበደ ውሻ እኮ ነው! በሳሙና እጠበውና ሂድ ተከተብ። ክሊኒኩ ያውልህ፣ ከኬላው አጠገብ።»

«ተራዬስ?»

«ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ አስጠጋልሃለሁ።»

«ቁልፌን? አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ?»

«እኔስ ጤነኛ ነኝ። የፈራሁት ላንተ ነው።»

ቁልፌ ሳቀበት። ከጀሪካን ናፍጣ ቀድቶ ቁስሉ ላይ አፈሰሰ፤ ቁርጥማቱንም ችፌውንም የሚያክመው በናፍጣ ነው። ቁስሉ ደረቀለት። አገሩ ሲገባማ ጠባሳውን እያሳየ፣ «ቁልፌን ሊቀበለኝ ሰበብ ሲፈልግ!» እያለ በወዳጁ ላይ ሻይ ቤቱን አሳቀ። የሳቁትም የሱ ቢጤዎች ናቸው፤ አንድ እንኳ «ኧረ ተከተብ» ያለው የለም።

ሰው ሁሉ ከረሳው በኋላ ጠባሳው ያሳክከው፣ ይነዝረው ጀመር። ከዚያ ትኩሳት መጣ። ሚስቱ ውሃ ስታቀርብለት ጉሮሮው ተያዘ፤ ብርጭቆውን ገፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ የንክሻውን ነገር ሲሰማ እውነቱን ነገራት፤ ክትባቱ የሚያድነው ሕመሙ ሳይጀምር ነበር።

ወዳጁ ሊጠይቀው መጣ።

«ወንድሜ፣ እዚያ ሐኪም አልነበረም?» አለችው ሚስትየው።

ያን ጊዜ ቁልፌ አንገቱን ዳበሰ፤ የቁልፉን ገመድ አወለቀና ለወዳጁ ዘረጋለት።

«እንካ» አለው። «አንተ አስጠጋልኝ፣ እኔ ተከትቤ መጣሁ።»