ምላሴ ያልያዘው ሶዲየም

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው ዳር ዳሩን ቆሞ ያየበት ክረምት ነው እላለሁ፤ መለስ ብዬ ሳስብ ደግሞ ሙቀቱ ፍራሻችንን ይዘን ግቢ ያስወጣን ግንቦት ይመስለኛል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ በስልክ «አባዬ፣ እማዬ የታመመችው ከፋሲካ በፊት ነው እኮ» ትለኛለች። ይሁን። ቀኑ ጠፍቶብኛል፤ የሆነው ነገር ግን አንዱም አልጠፋብኝም።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አራተኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ሲሞት ባቡር ጣቢያው መጋዘን ገባሁ። መጀመሪያ ተሸካሚ ነበርኩ፣ ቆይቼ ዕቃ ተረካቢ ሆንኩ። ከባሕር በኩል በፉርጎ የሚመጣው ጨው በእኔ እጅ ነበር የሚያልፈው። ጆንያ ሲቀደድ፣ የላዩ ጽሕፈት በዝናብ ሲጠፋ፣ ያ ነጭ ዱቄት ምን እንደሆነ የምንለየው በምላስ ነው። እኔ አንዴ ጣቴን ነክሬ ከቀመስኩ አልሳሳትም። አለቆቹ ራሳቸው «እስቲ ያንን ሰውዬ ጥሩትና ይቅመሰው» ይሉ ነበር። ባቡሩ ቆሞ፣ መጋዘኑ ተዘግቶ፣ እኔም አርጅቼ፣ በምላሴ መተማመኔ ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

ቤታችን ከከዚራ ሰፈር ጫፍ፣ በባቡሩ ዘመን ከተሠሩት አንዱ ነው። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ አለ። በረንዳው በኩል ያለችውን ክፍል ለአንዲት የኬሚስትሪ አስተማሪ አከራይተናል። እኔና ባለቤቴ በዋናው ቤት ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ባለቤቴ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ትራስ ደርባ ካልሆነ መተኛት አቃታት። ሐኪሙ አይቷት ልቧ መስፋቱን ነገረንና ወደ እኔ ዞሮ፦

«ጨው የለም አባባ። ወጥ ላይም፣ ዳቦ ላይም። ውሃውን የሚያጠራቅምባት እሱ ነው» አለኝ።

«ለእኔ ተወው» አልኩት። ጨው የማውቅ ሰው አይደለሁ?

የዚያኑ ዕለት ቤት ያለውን ጨው ጠራርጌ ለጎረቤት ሰጠሁ። ምስሩን ያለ ጨው እኔው ቀቀልኩላት። እሷ አልጫ ስትበላ እኔ ጨው ልበላ አልወደድኩም፣ አብሬያት በላሁ። ሰው ሾርባ ይዞ ሲመጣ ማንኪያዬን ይዤ ደጅ ላይ እቀበለዋለሁ፤ ሳልቀምስ አላሳልፍም። ዳቦ ቤት ሄጄ እንኳ ቆርሼ ቀምሼ የመለስኩበት ቀን አለ። ባለቤቴ ትስቅብኝ ነበር።

«ንግሥት ሆንኩ እኮ! ቀማሽ ተቀጠረልኝ።»

«ዝም ብለሽ ብዪ።»

«ቀማሼ ሆይ፣ ገለባ ገለባ የሚል ምስር ነው የሠራኸው።»

እንዲህ እያለች ነበር የምትበላው።

መድኃኒቱ ብዙ ነበር፤ ሆዷን አቃጠላት። ቃር ከልጅነቷም ያስቸግራታል፤ ለእሱ የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳ የሚሉት ነጭ ዱቄት። ሶዳውን ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤታችን ትልክላታለች። አርባ ዓመት የዘለቁ ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዷ ሳትታይ የዋለችበትን ቀን ሌላዋ እንደ ቀን አትቆጥረውም። እንግዲህ ያንን ሶዳ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ በውሃ በጥብጬ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ሳልቀምስ ግን አልሰጠሁም። መጀመሪያ ቀን ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ሳሙና ሳሙና አለኝ እንጂ ጨውነት የለውም።

«አልፏል» አልኳት።

«ተመስገን፣ ጉምሩኩ ለቀቀኝ» አለች። ጠጥታ አገሳችና ፊቷ ፈካ አለ። ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ መሀል ሲያሽላት የማየው ያንን ስትጠጣ ብቻ ስለነበር፣ ሰዓቱን እኔው ራሴ ነበር የምጠብቀው።

እብጠቱ ግን ከእግሯ ወደ ጉልበቷ ወጣ። ሐኪሙ ግራ ተጋባ።

«በእውነት ጨው አቁማለች?» አለኝ።

ተቆጣሁ። «አንዲት ፍሬ በጉሮሮዋ አልወረደም! በእግዚአብሔር ስም እምልልሃለሁ።»

አመነኝ። ሽንት የሚያሸናውን መድኃኒት ጨመረላት። ሌላ የምትወስደው ነገር እንዳለ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሶዳን ማን ለሐኪም ይናገራል? እንደ ውሃ ነው የቆጠርነው።

አንድ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ትራሶቹ ላይ ደገፍ እንዳለች፣ ትንፋሿ እያጠረ እያጠረ ሄደ። እጇን ይዣት ነበር። «ውሃ ላምጣልሽ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ አልፈለገችም። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

አስተማሪዋ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሦስት አራት ሴት ተማሪዎች ታስጠና ነበር። ለቅሶው ሲሆን ማስጠናቱን ተወችው። አርባው እስኪወጣ በረንዳው ላይ የተማሪ ድምፅ አልነበረም። ዘመድ ተመለሰ፣ ልጄም ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ዝምታው ከበደኝና አስተማሪዋን ጠርቼ፦

«የኔ ልጅ፣ ተማሪዎችሽን መልሺ። ሰው ሲናገር ልስማ» አልኳት።

እንግዲህ ያንን ነገር በገዛ አፌ ነው የጠራሁት።

ልጆቹ መጡ። እኔ ወንበሬን ኒሙ ሥር አድርጌ እሰማለሁ። አስተማሪዋ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ክብ በክብ እየሳለች የለስላሳ ቆርኪ ትደረድርበታለች። ቆርኪዎቹ ኤሌክትሮን ናቸው ትላለች።

«ይሄ ሶዲየም ነው። አሥራ አንድ ኤሌክትሮን አለው። ሁለት ከውስጥ፣ ስምንት ከመሀል፣ አንዷ ብቻዋን ከዳር። ይሄኛው ክሎሪን ነው። ከዳር ሰባት አለው፣ ስምንት ሊሞላለት አንድ ጎደለው። ምን ያደርጋል?»

«ይሰርቃል!» አለች አንዷ።

«አንቺ ብትሆኚ ነው የምትሰርቂው» አለቻት ሌላዋ። ተሳሳቁ።

አስተማሪዋ የዳሯን ቆርኪ አንስታ ክሎሪኑ ክብ ላይ አኖረች። «ሶዲየም ይለቅለታል፣ ክሎሪን ይቀበላል። የሰጠው ፖዘቲቭ ይሆናል፣ የተቀበለው ኔጋቲቭ።»

«ሰጥቶ ከጎደለበት እንዴት ፖዘቲቭ ይሆናል?»

«ኤሌክትሮኗ ራሷ ኔጋቲቭ ናታ። እሷ ስትወጣለት ፖዘቲቭ ይሆናል። ከዚያ ተቃራኒ ስለሆኑ ይሳሳባሉ። አዮኒክ ቦንድ የምንለው ያንን መሳሳብ ነው። ሁለት ብቻም ሆነው አይቀሩም፤ አንዱ ሶዲየም ዙሪያውን ክሎሪን ይከበዋል፣ ያንን ክሎሪን ደግሞ ሶዲየም። እንደዚያ ተደርድረው ተደርድረው ነው ያ የጨው ጠጠር የሚሆነው።»

ጨው ስትል ጆሮዬ ቆመ። «ያንን ጨው ነው የምትይው? የምንበላውን?» አልኳት ከወንበሬ ሆኜ።

«እሱን ነው አባባ። ሶዲየም ብቻውን ውሃ ሲነካው የሚነድ ብረት ነው። ክሎሪን ብቻውን መርዝ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲያያዙ ጨው ናቸው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን በጀርባዬ ተሸክሜ!» አልኩ።

«አባባ ፈተና ሊቀመጡ ነው» አሉ ልጆቹ። እኔም ሳቅሁ። ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ትምህርቱ ስም ማውጣት ነበር። አስተማሪዋ እንዲህ አለች፦ ብረቱ ቀድሞ በራሱ ስም ይጠራል፣ ምንም አይለወጥም። ተቀባዩ ከኋላ ይመጣል፣ የስሙ መጨረሻ ይቀየራል። ክሎሪን ክሎራይድ ይሆናል፣ ኦክሲጅን ኦክሳይድ። ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማግኒዚየም ኦክሳይድ። ማግኒዚየም ሁለት ስለሚለቅ ክሎሪን ሲያገኝ ሁለቱን ይይዛል፤ ስሙ ግን ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው፣ ሁለት ተብሎ አይጠራም። ተቀባዩ አንድ ሳይሆን ተያይዞ የሚሄድ ቡድን ሲሆን ደግሞ ቡድኑ የራሱ ስም አለው፣ ካርቦኔት፣ ናይትሬት ይባላል። ይህን እየደጋገመች አስነበበቻቸው። ከዚያ አንድ ቀመር ጽፋ፦

«ይሄስ?»

«ሶዲየም... ሃይድሮጅን ካርቦኔት።»

«ጎሽ። በድሮ ስሙ ሶዲየም ባይካርቦኔት። የት ታውቁታላችሁ? ቤታችሁ አለ እኮ። ቤኪንግ ሶዳ።»

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ተነስቼ ወደ በረንዳው ሄድኩ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሶዲየም የምትይው፣ ጨው ውስጥ ያለው ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው አባባ።»

«ለልብ ሕመምተኛ ጨው የሚከለከለውስ በየትኛው ነው? በሶዲየሙ ነው በሌላው?»

«በዋናነት በሶዲየሙ...» ብላ ቀና አለችና ፊቴን አየች። ባለቤቴ ጠዋትና ማታ ምን ትጠጣ እንደነበር ታውቃለች፤ ከአንድ ቧንቧ ነው የምንቀዳው፣ ስበጠብጥ ታየኝ ነበር። ጠመኔውን አስቀመጠች። ልጆቹን «ዛሬ ይብቃን» ብላ ሸኘቻቸው።

«ጨው ጨው አይልም እኮ» አልኳት። «ቀምሼዋለሁ።»

«አይልም አባባ። ሲሟሟ ግን ይለያያሉ። ሶዲየሙ ሶዲየም ነው፣ ከማን ጋር እንደመጣ ሰውነት አይጠይቅም።» ይህን ብላ አለቀሰች። «እኔም አይቼው አላሰብኩትም። በየቀኑ የማስተምረውን!»

ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ። ልብሷን ማየት አቃተኝ። ጠዋት ሲሆን እጄ ራሱ ማንኪያ ይፈልጋል። ልጄ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ እናትሽን በእጄ ገደልኳት ብዬ በስልክ እንዴት ልናገር? ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደጁ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግሁ፣ እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

አስተማሪዋ በባጃጅ ይዛኝ ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ሁሉን ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ልቧ በጣም ደክሞ ነበር አባባ» አለ። «ሶዳው ግን አልጠቀማትም፣ ድርሻ ይኖረዋል። ስንት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ጨው አልኩና ዝም አልኩ። ሌላ ምን ትወስዳለች ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

እውነቱን ስለነገረኝ አከበርኩት። ነገር ግን ስንት እንደሆነ የማይታወቅ ድርሻ ይዤ ወጣሁ፤ ይሄ ደግሞ ከመቶ መቶው ያንተ ነው ከመባል ይብስ እንደሁ እንጃ። ሰው መጠኑን ላላወቀው ጥፋት እንዴት ያለቅሳል?

በሦስተኛው ቀን ቀፊራ ወረድኩ። የባለቤቴ ጓደኛ ከእርድና ከቁንዶ በርበሬው መሀል ተቀምጣለች። እኔ ዘንድ ለቅሶ ከተነሳ ወዲህ ገበያ አልወረድኩም ነበርና ስታየኝ ብድግ አለች።

«አቦ! ሰው አይደለህም እንዴ? ጠፋህ እኮ!»

በርጩማ ሰጠችኝ። ተቀምጬ ነገርኳት። ሶዳው ጨው ውስጥ ያለውን እንደያዘ፣ እኔ በምላሴ ተማምኜ እንዳሳለፍኩት፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሁሉንም። አንድ ደንበኛ መጥቶ ከሙን ጠየቃት፤ በእጇ ሂድ አለችው።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? በጥብጬ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

«እና አንተ ምን ታውቃለህ? ሐኪም ነህ? ወላሂ፣ ባትሰጣት ልጅ ልካ ታስወስድ ነበር። ሳታገባት በፊት ጀምሮ ነው የምትጠጣው። ብትከለክላት ኖሮ በብርጭቆው ነበር ግንባርህን የምትልህ።»

እውነቷን ነው፣ ትለኝ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ሳያልቅ ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን። ገበያው ሁሉ ያየናል። ሻሿን ወደ ዓይኗ ስባ፦

«ብቻህን አትውሰደው» አለችኝ። «የእኔም ጓደኛ ናት። እኔም አለሁበት።»

የለህበትም አላለችኝም። ለዚህ ነው ያመንኳት። ልጄ ኋላ ስነግራት «አባዬ አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችኝ፤ በፍቅር ነው ያለችው፣ ግን አልያዘልኝም። ይቺኛዋ ግን ጎኔ ቁጭ ብላ እኔም አለሁበት አለች።

ከዚያ ጀምሮ አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢያችን ትመጣለች። ኒሙ ሥር አብረን እንቀመጣለን። አንዳንዴ ስለ ባለቤቴ እኔ የማላውቀውን ታወራኛለች፣ ልጃገረድ ሳሉ ምን እንዳጠፉ፣ ባለቤቴ እኔን መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ምን ብላ እንደሰደበችኝ። ገበያ ላይ ደግሞ ሶዳ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ለዳቦ ነው ለሆድ?» ሳትል አትሸጥም፤ ለሆድ ያለውን ደም ብዛት አለህ፣ ልብ አለብህ እያለች ታስጨንቀዋለች። ሰው ይስቅባታል። እሷ አትስቅም።

ድርሻዬ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሳላውቀውም እሞታለሁ። ቢሆንም ቀን ወጥቶ ይመሻል፣ ቤተ ክርስቲያንም ገብቻለሁ። ያንን ጊዜ እንዴት ተሻገርከው ለሚለኝ፣ ያሻገረችኝ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ሶማሌዋ ጎረቤታችን፣ የባለቤቴ የአርባ ዓመት ጓደኛ ናት።