ጥሩንባ ያልተነፋለት ለቅሶ

የኅብረት ሱቅ ካርዳችን ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ጠርዙ የተበላ ቢጫ ወረቀት ነበር። በፊቱ የአባቴ ስም፣ የቤት ቁጥራችንና የቤተሰቡ ብዛት ተጽፎበታል፤ በጀርባው የወራቱ ሣጥኖች በተራ ተሰምረዋል። የሱቁ ሠራተኛ የወሩን እህል፣ ዘይት፣ ሳሙናና ስኳር ሲሰጠን በዚያ ወር ሣጥን ላይ ይፈርማል። ከታች በደቃቅ ፊደል «ይህ ካርድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም» ይላል። ብዙ መጻሕፍት ማንበቤን እንደ ማዕረግ በምቆጥርበት በዚያ ዕድሜዬ ይህችን አንዲት መስመር በቁም ነገር አንብቤያት አላውቅም ነበር።

ናዝሬት ውስጥ ስኳር ብርቅ ነው ሲባል እንግዳ ሰው አያምንም። የሸንኮራው ማሳ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር የሚፈላው የሸንኮራ ጭማቂ ሽታ እስከ ደጃችን ይደርሳል። ሽታው በነጻ ነበር፤ ስኳሩ በካርድ።

አባቴ በአሰብ መንገድ የመንግሥት የጭነት መኪና ስለሚነዳ የወሩን አብዛኛውን ቀን ቤት አይገኝም። ካርዱ የእናቴ አደራ ነበር፤ በዳዊቷ ገጾች መካከል ታኖረዋለች። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። ሥራ ስላልነበረኝ አነባለሁ፤ ጎረቤት ሲጠይቀኝም ማመልከቻ እጽፋለሁ።

አንድ ሰኞ ረፋድ እናቴ ሆስፒታል የተኛች ዘመዷን ልትጠይቅ ሄዳ እኔ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የማላውቃት ሴት የውጭውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች። ዐይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

«እናትህ የለችም፣ ልጄ?»

«ሆስፒታል ሄዳለች። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ ሰው ጥዬ ነው የመጣሁት። ከባቡር ጣቢያው ማዶ ወንድሜ ዐርፎብኝ ነው። ዘመዱ ከአርሲ እየወረደ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ይቀመጣል፣ የሚቀመስ ግን የለኝም። የዕድሩ ዳኛ ከየቤቱ ካርድ ለምኚ፣ ሐሙስ ራሽን ሲወጣ ስኳሩን አውጥተሽ ካርዱን ትመልሻለሽ ቢለኝ ነው።»

ለሐዘን ቤት ካርድ ማዋስ በሰፈራችን የተለመደ ነበር። ያዘነ ሰው የአንድ ቤት ራሽን አይበቃውም፤ ስለዚህ ጎረቤት የወሩን ስኳር በካርዱ እንዲያወጣበት ይሰጠዋል፤ ካርዱም ከቀናት በኋላ ከምስጋና ጋር ይመለሳል። ይህን ወንጀል ብሎ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሴትዮዋ መሐረቧን ፈታ ሦስት ካርዶች አሳየችኝ። ከላይ ያለው የጎረቤታችን የእማማ ነበር፤ የቤት ቁጥራቸውን አውቀዋለሁ። «እሳቸው ከእኔ ጋር አልቅሰው ነው የሰጡኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ማሰብ አቆምሁ። ሌሎች ያሰቡበት ነገር ስለ መሰለኝ የእኔ ማሰብ አላስፈለገም። ካርዱን ከዳዊቱ አውጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ሰጠኋትና «ነፍስ ይማር» አልኋት። «አንተንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብላ ወጣች። ወደ መጽሐፌ ስመለስ ራሴን እንደ መልካም ሰው ቆጥሬ ነበር።

እናቴ ለምሳ ስትመጣ ነገርኋት።

«የማን ለቅሶ?»

«ከባቡር ጣቢያው ማዶ። ወንድሟ ሞቶ።»

«መቼ?»

«አልጠየቅኋትም።»

ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጥሩንባ ሰምተሃል?»

አልሰማሁም። በከተማችን ሰው ሲሞት የዕድሩ ለፋፊ ማለዳ በየመንገዱ ጥሩንባ እየነፋ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ከባቡር ጣቢያው ማዶ ያለው ዕድርም የእኛው ዕድር ነው። በዚያን ቀን ማለዳ ነቅቼ ነበር፤ ከዶሮና ከከባድ መኪና ድምፅ በቀር የሰማሁት የለም። የሚያስፈልገኝ እውቀት ሁሉ በጆሮዬ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ወደ እማማ ቤት ሄድን። እማማ ከአርሲ የመጡ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን ባንድ ትንፋሽ የሚናገሩ ባልቴት ናቸው። ገና ፊታችንን ሲያዩ ገባቸው።

«አንተም ሰጠህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«እርስዎ ሰጥተዋል ብላኝ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ደግሞ ጡረተኛው ሰጥቷል ብላኝ።» «ካርዴን ብቻ ብትወስድ ደግ። ለሌለ ወንድሟ እስኪደክመኝ አስለቅሳኛለች፤ እንባዬን ከየትኛው ሱቅ ላውጣው?»

እናቴ አልሳቀችም። ካርዱ ከጠፋ የስድስት ሰው ቀለብ ከነጋዴ ሊገዛ ነው፤ ያንን ደግሞ የአባቴ ደመወዝ አይችለውም። ምትክ ለማግኘት ቀበሌ ቀርቦ እንዴት እንደ ጠፋ ማስረዳት ግዴታ ነው። ሰጠን ካልን ራሽን አስተላልፋችኋል ተብለን እስከ ናካቴው ልንሰረዝ እንችላለን፤ ከዚያም የከፋ ስም አለ፣ አሻጥረኛ የሚባል። ጠፋብን ካልንና ሴትዮዋ በካርዳችን ስታወጣ ከተያዘች ደግሞ ተባባሪ እንባላለን። ሁለቱን መንገድ በልቤ ሳመላልስ ቆየሁ፤ መውጫ አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ ጡረተኛው መጡ፤ ባቡር ላይ ሲሠሩ የኖሩ፣ ቆፍጣና ሰው ናቸው። «ተማሪው፣ ብዕርህን አውጣ። ገበያ መሐል ከኪሴ ወደቀ ብለህ ጻፍልኝ።»

«ጋሼ፣ ግን እኮ ሰጥተው ነው።»

«የጠየቅሁህ ጽሕፈት ነው፣ ንስሐ አይደለም።»

ጻፍሁላቸው። ወዲያው ይዘውት ወደ ቀበሌ ሄዱ። እሳቸው እንደ ወጡ አራተኛዋ ተጎጂ፣ ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን፣ ገባች።

«የእኔን ፍየል በላው በል።»

«ፍየል አለሽ እንዴ?»

«የጎረቤት ፍየል አይበላም?»

መጀመሪያውን መስመር ጽፌ እጄ ቆመ። ከፊቴ ያለው የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል፣ ቀበሌው ውስጥ በብዙ ማመልከቻ ላይ የሚታወቅ። በአንድ ቀን የጠፉ አራት ካርዶች፣ በአንድ እጅ የተጻፉ አራት ምክንያቶች። ይህን የሚያይ ሰው ሴትዮዋን ሳይሆን እኔን ይፈልጋል፤ ሥራ የሌለው፣ መጽሐፍ የሚያበዛ ወጣት። በእነዚያ ዓመታት እንደ እኔ ያለው ሰው ስሙ ቀበሌ ውስጥ እንዲነሣ የማይፈልገው ለምን እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ለእናቴ ነገርኋት። ጠላ ሻጯንና እማማን ጠርታ አስቀመጠቻቸው። «አንድ ጻፍ» አለችኝ። «የሆነውን ብቻ። መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ማስተላለፉ ወንጀል ነው።»

«አውቃለሁ። ስንጠየቅ ማን ገበያ፣ ማን ፍየል እንዳለ ማን ያስታውስልናል?»

«ፍየሉ የእኔ ነው፤ አልረሳውም» አለች ጠላ ሻጯ። ሆኖም ጣቷን ቀለም ውስጥ ነከረች።

በማግስቱ አራታችን ቀበሌ ሄድን። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል፤ ማንን እንደምንፈልግ ጠይቆኝ አስገባን። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

መሳቢያቸውን ከፍተው ሌላ ወረቀት አወጡና ከጎኑ አስቀመጡት። የጡረተኛው ማመልከቻ ነበር። «ይህንንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

«ትናንት ወደቀ፤ ዛሬ ተሰጠ። በአንድ እጅ። የትኛውን ልመን?»

«የዛሬውን።»

«ለምን?»

ያነበብሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። «የዛሬውን ስጽፍ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር» አልሁ።

አልሳቁም፤ አልተቆጡም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ጓድ፣ ልጄ ጥፋተኛ ነው። ግን ሐዘንተኛ መስላ ነው የመጣችው። እርስዎ ቤት ብትመጣ ኖሮ ምን ብለው ይመልሷት ነበር?»

ሊቀ መንበሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። በመጨረሻ የአራቱን ቤት ቁጥሮች በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ለሱቁ እንዲሰጥ አዘዙ። «አንተ ደግሞ» አሉኝ፣ «እጅህ እንዲህ ከሠራ ማስታወቂያ ጻፍልኝ። ካርድ ለማንም አይሰጥም። ለሐዘን ቤትም ቢሆን።»

ሐሙስ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከግራር ሥር፣ ከእናቴ ጋር ቆመን ዋልን። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ነጠላ የለበሰች ሴት በተጠጋች ቁጥር ፊቷን ለማየት ጠጋ እል ነበር። ሴትዮዋ አልመጣችም። እኩለ ቀን ሲቃረብ አንድ የማናውቀው ሰው ካርድ አቀበለ፤ ሠራተኛው ቁጥሩን ከብጣሹ ወረቀት ጋር ሲያመሳክር ሰውዬው ቀስ ብሎ ከሰልፉ ወጣና ሰዉ መካከል ገባ። ካርዱ መስኮቱ ላይ ቀረ። የእማማ ነበር።

የእኛ አልተመለሰም። ምትኩ እስኪወጣ ሁለት ወር ፈጀ፤ በእነዚያ ወራት እማማ ራሽናቸውን ባወጡ ቁጥር አንድ ሲኒ ስኳር በነጠላቸው ሸፍነው ያመጡልን ነበር። «ካርድ አትስጡ ተባለ እንጂ ስኳር አትስጡ አልተባለም» ይሉ ነበር። አነጋገራቸው በሰፈሩ ደንብ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሐዘን ቤት የሚሄደው ካርዱ ሳይሆን ስኳሩ ራሱ ሆነ። አዲሱ ካርድ ሲመጣ «ምትክ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ነበረበት። ቁጥሩን በልብስ ሣጥናችን ክዳን ውስጥ ገለበጥሁት፤ እናቴ ሁለት ሰው በሌለበት ካርዱ ከዳዊቱ እንዳይወጣ ደነገገች።

አዲሱ ካርድ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት ማለዳ ጥሩንባ ተነፋ። የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ ሁሉንም በጆሮዬ ሰማሁ። ረፋድ ላይ ብቻዬን ሳለሁ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ልጅ እግር ሴት በሩ ላይ ቆመች። ማስታወቂያዬን አላነበበች ይሆናል፤ ለእንግዶቿ ስኳር ታወጣበት ዘንድ ካርድ ለመነችኝ።

«የማን ቤት ነው?» አልሁ። ነገረችኝ። «መቼ ዐረፉ?» ነገረችኝ። ሁለቱም ለፋፊው ካለው ጋር አንድ ነው። ይህ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። «የዕድሩ ጸሐፊ ማን ይባላል?» አልሁ።

ሴትዮዋ ዐይኔን ዐይኔን አየችኝ። «አባቴ ነው የሞተው» አለች፤ ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም።

ስኳር በሲኒ ቀድቼ ተከትያት ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ አላነጋገረችኝም። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ጡረተኛውና ጠላ ሻጯ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ሲኒውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ስኳሩን ከሌላው ጋር ገለበጠችና ሲኒውን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ መለሰችልኝ። ነፍስ ይማር ሳልላት ወጣሁ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ዳዊቱን መክፈት ነበር። ካርዱ አለ። እሱንም ሳላምን ሣጥኑን ከፈትሁና ቁጥሩን ክዳኑ ላይ ከጻፍሁት ጋር አመሳከርሁት።