ለተብርሃን ፀጉሯን የሰጠችበት ጉዞ

የእህቴ ልጅ ቤቲ ባለፈው እሑድ ጎሮ ቤቴ ድረስ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «አክስቴ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ! በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ወጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ደቡብ ህንድ ልንዞር ነው። አንቺ እዚያ አይደል የተማርሽው? የት የት እንሂድ?» መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። የማዱራይ ቤተ መቅደስ ግንብ ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀለም የተቀቡ አማልክት፣ አውሬዎችና ጭፈረኞች እንደ ገበያ ሰው ተጨናንቀውበታል። እኔ እንዳየሁት ነው ያለው። ቀለሙን አድሰውት እንደሆነ እንጃ።

እንደ ተማሪ ዘረዘርኩላት። ሙቀቱ ሳይበረታ ሂዱ፣ ካልሲ ያዙ፣ ጫማ ስታወልቁ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። «አንቺ ከማን ጋር ነበር የሄድሽው?» አለችኝ። «ከጓደኛዬ ጋር» አልኩና ወሬ ቀየርኩ። ወሬ መቀየር እችልበታለሁ፤ ለዘጠኝ ቀን ሙሉ የተለማመድኩት ሙያ ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን ቁጭ ባልኩበት ቀረሁ። ያ ጉዞ የሕይወቴ ደስተኛው ሳምንት ነበር፤ የዋሸሁበትም እሱ ነው።

ጓደኛዬ ለተብርሃን ትባላለች። እኛ ለተ ነበር የምንላት። ባንጋሎር ፋርማሲ ስንማር አራት ዓመት አንድ ክፍል አብረን ኖረናል። ቤተሰቦቿ ከትግራይ መጥተው አዲስ አበባ የከተሙ ናቸው፤ አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ እናቷ ነበሩ ሁሉ ነገሯ። ፀጉሯ ወገቧ ይደርስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ እየሠሯት ያደገ ፀጉር ነው፤ ህንድ ስትመጣም እስከ አየር ማረፊያው በር ድረስ እያስተካከሉላት ነው የሸኟት። እኛ አገር ቤት የለመድነው ቅቤ ሲጠፋ የኮኮናት ዘይት መቀባት ጀመረች። «እማዬ ብታየኝ ትገድለኛለች! ፀጉሬን ለወጥ አዘጋጅቼው» እያለች ትስቅ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት፣ ፈተና ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፣ በእኔ ስም ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ታላቅ ወንድሟ ካሳ ነው። እናታቸው በኩላሊት መታመማቸውን ለተ ታውቃለች። የማታውቀው፣ ካረፉ ሦስት ሳምንት እንዳለፋቸው ነው። «እህቴ ዘነበች፣ አደራ፣ አደራ፣ ምንም እንዳትሰማ። ፈተናዋን ትጨርስ። ከዚያ ሰው ባለበት በወጉ አርዷት» ይላል። ደብዳቤውን አጥፌ ከመጽሐፎቼ መሃል አስገባሁትና እራት በላሁ። ከእሷ ጋር፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ። ሆድ ከአገር ይሰፋል የሚሉት እውነት ነው።

ከእኛ ተማሪዎች በዕድሜ የሚበልጡ ጋሽ አሰፋ የሚባሉ የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ፤ ከሚስታቸው ጋር ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ጥልም ሲኖር፣ ሐዘንም ሲመጣ ወደ እሳቸው ነው የምንሮጠው። ደብዳቤውን አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ በማለዳ እኔ ቤት ይዘሻት ነይ። ልጆቹን እሰበስባለሁ። ሴቶቹ አጠገቧ ይቀመጣሉ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። «ጋሼ፣ የጉዞው ቲኬት እኮ ተቆርጧል። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። በፈተና ደክማለች፣ ትንሽ ትረፍ፤ ስንመለስ ይነገራት።»

ጋሽ አሰፋ ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ። «ለቅሶ እንደሆነ አያመልጣትም» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያታለሽ።»

እና ሄድን። በባቡር ወደ ማድራስ፣ ያኔ ስሟ እንደዚያ ነበር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ማሃባሊፑራም። ባሕሩ ዳር ያለው ቤተ መቅደስ ጨው በልቶት ጥግ ጥጉ ሟሙቷል። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉትን ቤቶች ሲያሳየን አስጎብኚው ደረቱን ነፋ አደረገ። ለተ መች ትችላለች! «ይሄንን እኛም እናውቅበታለን ወንድሜ፤ ላሊበላ የሚባል አገር አለን» ብላ ጉብኝቱን ተረከበችው። ሰውዬው የራሱን ትቶ ስለ እኛ ሲጠይቃት ግማሽ ቀን አለፈ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አገሩ ደግሞ ሥጋ የማይበላ ነው፣ ተመቸን ስንል ሁሉም ነገር ላይ ቅቤ ጠብ ያደርጉበታል። ሙዝ ቅጠል ላይ ሩዙን ሲያፈሱልን፣ ወጡን ሲከቡበት፣ ለተ እጇን እያወዛወዘች «ቅቤ አለው? ቅቤ አለው?» ትላለች። አሳላፊው የለውም ይላል፤ እሷ ታሸተዋለች። ታንጃቩር ስንደርስ «ዘኒ፣ እኔ እንጃ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ሳላውቀው ገድፌያለሁ» ብላ እግሯን ዘርግታ ሳቀች። የታንጃቩር ግቢ ድንጋይ በእኩለ ቀን ምጣድ ነው። ጫማችንን በር ላይ ትተን ከጥላ ወደ ጥላ ስንዘል፣ ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ቀስ ብለው እየተራመዱ በእኛ ሳቁ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ካንቺፑራም ላይ ሐር የሚሸምኑ ሰዎች ቤት ገብተን ነበር። ለተ ነጭ፣ ጥለቱ ወርቅማ የሆነ ጨርቅ መረጠች። «ለእማዬ። ለትንሣኤ ባይደርስላት ለግንቦት ልደታ ትለብሰዋለች» አለችኝ። እኔ ጥለቱን ዳብሼ «ያምርባታል» አልኩ። ያንን ቃል ምን አናገረኝ? ዝም ብል ምን ነበረበት?

በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እል ነበር። ጠዋት ስነሳ ዛሬ ይሁን እላለሁ፤ ከዚያ አውቶቡሱ ይነሳል፣ ሩዝ ማሳው ይመጣል፣ አንዱ ግንብ ከዘንባባው በላይ ብቅ ይላል፣ እኔም እረሳዋለሁ። አዎ፣ እረሳው ነበር። እንደ እናቴ የማያቸውን ሴት ሞት፣ ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ፣ እረሳው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ወደ ባሕሩ ወረድን። ለተ የሰማችው ነገር ነበር፤ እዚያ ዳርቻ ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች፣ በሽተኛ ታድናለች ተብላ ክርስቲያኑም ሂንዱውም ይሳልላታል። መንገዳችን ላይ አልነበረችም። «የድንጋይ ጣዖት ስናይ ከርመን ማርያምን አልፈናት ልንሄድ ነው?» ብላ ቲኬታችንን አስቀየረች።

ነጭ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ከባሕሩ አሸዋ ብዙም አትርቅም። የጃስሚን አበባ፣ ሻማ፣ በሰም የተሠራ እጅና እግር በየመደቡ ይሸጣል። ለተ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ ጸለየች። ስትነሳ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር፤ ግን ደስ ብሏታል። ከግቢው አንድ ጥግ ሴቶች ተሰልፈው ፀጉራቸውን ይላጫሉ። ስለታቸው ነው። ታሞ የዳነላቸው፣ እንዲድንላቸው የሚለምኑም፣ ያላቸውን ፀጉር ይሰጣሉ። ለተ አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየች። ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ።

«እሰጣለሁ» አለች።

«ለተ፣ ተይ። የእኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትላጨው እኮ ለሐዘን ነው። ክፉ ነው፣ አታምጪብን።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲላጭ ነው ሐዘን የሚሆነው። እኔ እናቴ እንድትድንልኝ ነው። ደግሞ ሲያድግ መልሳ ቅቤ ትቀባልኛለች፣ ምን ቸገረኝ!»

ያኔ ነበር ሰዓቱ። እጇን ይዤ ወደ አሸዋው ወስጄ «ለተ፣ እማዬ የለችም» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ናት። አልወጣችም። «እስቲ ነገ አስቢበት» ብቻ አልኩ። እሷ ጉትቻዎቿን አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ሄዳ ተቀመጠች። ላጪው ውሃ አፈሰሰባት። ፀጉሩ በመጀመሪያ አልወርድ አለ፣ በጣም ወፍራም ነበር፤ ከዚያ ጭኗ ላይ እየተከመረ መጣ። ስትነሳ ጭንቅላቷ ትንሽ ሆኖ፣ ጆሮዎቿ ቆመው፣ የአሥር ዓመት ልጅ መሰለች። ዓይኗን ጨፍና በእጇ እየዳበሰችው «አቤት ነፋሱ! እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ። ለፀጉሯ መሰላት። አጽናናችኝ።

ከዚያ በኋላ ማዱራይ ገብተን ያንን የቤቲን ግንብ አየን፤ ኩሬው ዳር ተቀምጠን ጥላው ውሃው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይተናል። የተላጨ ሰው እዚያ ብዙ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። እኔ ግን ከዚያች ቀን በኋላ አንዲት ግንብ እንኳ በደንብ አላየሁም። ለአንድ ነገር ብቻ ነበር የምቸኩለው፤ ባንጋሎር ገብተን፣ ጋሽ አሰፋ ይረከቡኝና ይንገሯት ነበር የምለው። ሸክሜን ለሌላ ሰው።

ባቡሩ ጠዋት ደረሰ። መርዶው በማግስቱ ማለዳ በእሳቸው ቤት ነበር የታሰበው። ጋሽ አሰፋ ግን ሌሎች ሁለት ልጆች ይዘው ሊቀበሉን ጣቢያ መጥተዋል። ለተ በመስኮት አይታቸው እጇን አወዛወዘች። ከባቡሩ ስትወርድ ሙቀት ነበርና ሻሿን ከራሷ ላይ ገፈፈችው።

ጋሽ አሰፋ ራሷን አዩ። ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ፊታቸው ተሰባበረ፣ እጃቸውን ዘርግተው መጡና አቀፏት። ተላጭታ ሲያዩዋት ነግሬያት፣ ሐዘን የተቀመጠች መሰላቸው እንጂ ሌላ ምን ይምሰላቸው? «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። እናትን የሚተካ የለም። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን» አሉ።

ለተ ከእቅፋቸው ቀስ ብላ ወጣች። «የማንን ነፍስ?» አለች።

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሻንጣዎቹን አየሁ። ያን ጊዜ ጮኸች። ሴቶቹ አጠገቧ አልተቀመጡም፣ ማለዳውም፣ ቤቱም፣ የሚደግፋት ሰውም፣ ወጉ ሁሉ ቀረ። ጣቢያው ወለል ላይ፣ ሸክም የያዘ ሰው በሚራመድበት፣ የተላጨ ራሷን በሁለት እጇ እየመታች አለቀሰች። አንዲት የማናውቃት ህንዳዊት ሴት ከኮዳዋ ውሃ አጠጣቻት።

ለሦስት ቀን ጋሽ አሰፋ ቤት ተቀመጥን፤ ከእኔ ጋር አንድም ቃል አልተነጋገረችም። በአራተኛው ቀን ክፍላችን ገብታ ዕቃዋን ስትሰበስብ ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከፈተናው በፊት።»

«ጉትቻዬን ስሰጥሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ልብሷን አጠፈች። «ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው ለተ፣ ማርያምን!» አልኩ። በማርያም ማልኩ። አየችኝ፣ ሻንጣዋን ዘጋች፣ ሌላ ክፍል ገባች። ከዚያ ተመረቅን።

ዛሬ ሲኤምሲ ነው የምትኖረው። ከእኔ ቤት በታክሲ ሩቅ አይደለም። ልጆች አድርሳለች ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ። ወንድሜ ደውሎ «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለኝ፤ እንደሚባለው። መኪና ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ዘነበች፣ ለተብርሃን ነኝ። እናትሽ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። እዚያ እስክትደርሺ ማንም አይነግርሽም። እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ዘጋችው። መኪናዋን ዳር አቁሜ ብቻዬን አለቀስኩ። በቀሏ ይሁን ፍቅሯ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን ግን ማንም እንደዚያ አክብሮኝ አያውቅም።

ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ አለ። ቤቲ በሄደችበት ቀን አውጥቼ አየሁት። ብደውልላት ምን እንደምላት አውቃለሁ፤ ያኔ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱን። ለአንቺ ብዬ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ እነዚያን ከተሞች ማየት ስመኝ ነበር፣ ብቻዬን እንደማልሄድም አውቅ ነበር፣ ስለዚህ እናትሽን ዘጠኝ ቀን ደበቅኩብሽ። እስከዚህ ድረስ ይመጣልኛል። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣለሁ።